ሪዮ ግራንዴ፦ ስለ አሜሪካና ሜክሲኮ የድንበር ወንዝ በስሕተት የሚነገሩ

ይህን ወንዝ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ከዜና ነው፤ ዜናው ደግሞ የሚያወራው ስለ ተሻጋሪው ሰው እንጂ ስለ ወንዙ አይደለም። (ዓመተ ምሕረቶቹ የአውሮፓውያን ናቸው።)

«የሁለቱ አገሮች ድንበር ወንዙ ነው»
በከፊል ብቻ። ከ3,100 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚረዝመው ድንበር ወንዙን የሚከተለው 2,000 ያህሉ ነው። ከቴክሳሷ ኤል ፓሶ ከተማ ወደ ምዕራብ፣ ከአጭር የኮሎራዶ ወንዝ ክፍል በቀር፣ መስመሩ የብስ ላይ ነው።

«ወንዙ ሲዞር ድንበሩም አብሮት ይዞራል»
ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። በ1884 ስምምነት መሠረት ወንዙ ዳርቻውን ቀስ በቀስ እየሸረሸረ ከሄደ ድንበሩ ይከተለዋል፤ በድንገት ሌላ መንገድ ቀድዶ ከሄደ ግን ድንበሩ በቀድሞው መሄጃ ላይ ይቀራል። ታዲያ ጎርፍ በመጣ ጊዜ የቱ ቀስ በቀስ፣ የቱ ድንገት ነው? ቻሚሳል የተባለው መሬት መቶ ዓመት ያሟገተው በዚሁ ነው። ወንዙ ወደ ደቡብ እየሸሸ፣ በተለይ በ1864 ጎርፍ፣ የሜክሲኮ የነበረውን መሬት ከኤል ፓሶ ጋር ቀላቀለው፤ ከተማዋም ቤት ሠራችበት። በ1911 የግልግል ዳኞች መሬቱን ለሁለት ቢከፍሉትም አሜሪካ ፍርዱን አልቀበልም አለች። የተስማሙት በ1963፣ በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲና በሜክሲኮው ፕሬዚዳንት ሎፔስ ማቴኦስ ዘመን ነው። ድንበሩን ወደ ወንዙ ሳይሆን ወንዙን ወደ ድንበሩ አመጡት፦ የኮንክሪት ቦይ ሠርተው በ1968 ውሃውን ለቀቁበት። ለዚህ ሲባል ከ5,000 በላይ የኤል ፓሶ ነዋሪዎች ከቤታቸው ተነሥተዋል። ስምምነቱ የዲፕሎማሲ ድል ተብሎ ሲወደስ ይህ ጎን መዘለሉ ልክ አይመስለኝም።

«ከኮሎራዶ ግዛት ተራሮች የወጣው የሪዮ ግራንዴ ውሃ ባሕር ይደርሳል»
አብዛኛው ኤል ፓሶን ሳያልፍ በመስኖ ያልቃል። ከዚያ በታች ወንዙ አንዳንዴ እስከ መድረቅ ይደርሳል። በቴክሳሷ ፕሬሲዲዮ ከተማ አጠገብ ነፍስ የሚዘራው ከሜክሲኮዋ ቺዋዋ ግዛት የሚመጣው የኮንቾስ ወንዝ ሲቀላቀለው ነው።

«ውሃ ሰጪዋ አሜሪካ፣ ተቀባይዋ ሜክሲኮ ናት»
ሁለቱም ሰጪ ናቸው። በ1944 ውል አሜሪካ ከኮሎራዶ ወንዝ በየዓመቱ 1.85 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ትለቃለች። ሜክሲኮ ደግሞ ኮንቾስን ጨምሮ ከሪዮ ግራንዴ ገባሮች በዓመት በአማካይ 432 ሚሊዮን ያህል፣ ሒሳቡ በአምስት ዓመት እየተዘጋ። ድርቅ ሲሆን ክፍያው ይዘገይና የቴክሳስ ገበሬ ይጮኻል። በ2020 ደግሞ የቺዋዋ ገበሬዎች «ውሃችን አይሄድም» ብለው የላ ቦኪያን ግድብ ከሜክሲኮ ብሔራዊ ዘብ ቀምተው ያዙ።