የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመምና ጥርስ ማፋጨት በጎንደር

የመንጋጋ መገጣጠሚያ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት፣ አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ ይገኛል። ሌባ ጣትን እዚያ አሳርፎ አፍን መክፈትና መዝጋት ብቻ ይበቃል፤ የታችኛው መንጋጋ አጥንት ራስ ከቆዳው ሥር ወደ ፊት ሲንሸራተትና ተመልሶ ቦታው ሲገባ ይታወቃል። ይህ መገጣጠሚያ ከብዙዎቹ የሰውነት መገጣጠሚያዎች የሚለየው ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ በመሥራቱ ነው፤ እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል፣ እንደ መሳቢያም ይንሸራተታል። የግራውና የቀኙ የተሸከሙት አንድ አጥንት ስለሆነ አንዱ ሲታመም ሌላውም ዕረፍት አያገኝም።

በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ቀጭን ግን ጠንካራ ዲስክ አለ። መንጋጋን ከሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ትልልቆቹ በጉንጭና በጆሮ ግንድ ላይ ያሉት ናቸው፤ ጥርስ ሲነከስ እጅ ቢያርፍባቸው እንደ ድንጋይ ሲጠጥሩ ይታወቃል። መገጣጠሚያውም፣ ጡንቻዎቹም፣ ጥርሶቹም ስሜታቸውን ወደ አንጎል የሚልኩት በዋናነት በአንድ ነርቭ፣ በአምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ በኩል ነው። የግራ መጋባቱ ምንጭ ይኸው ነው። የጉንጭ ጡንቻ ሕመም የመንጋጋ ጥርስ ሕመም መስሎ ይሰማል፤ የመገጣጠሚያው ደግሞ የጆሮ ሕመም ይመስላል። በዚህ ምክንያት ሰው ጤነኛ ጥርሱን ያስነቅላል፣ ወይም ምንም ያልሆነ ጆሮውን ለወራት በጠብታ ያክማል። ጥርሱ ተነቅሎም ሕመሙ በማግስቱ እዚያው ነው፤ ቀጥሎ የጎኑ ጥርስ ይጠረጠራል። ጉጠት ከመነሣቱ በፊት ጣት ከጆሮ ፊት መቀመጥ አለበት። ምንም ወጪ የማይጠይቀው ይህ ምርመራ ሳይደረግ የተነቀለ ጥርስ ያሳዝናል፤ ተመልሶ አይበቅልምና።

አማርኛ ለጉዳዩ ቃል አላጣም። ድምፅ ያለው ማፋጨት ወይም ማንቀራጨት ይባላል፤ ድምፅ የሌለው ደግሞ መንከስ ነው። «ጥርሱን ነክሶ ቻለው» ሙገሳ ነው፤ ሐኪም ግን አባባሉን ቃል በቃል ቢወስደው ይጠቀማል፤ ቀኑን ሙሉ ጥርሱን ገጥሞ የሚውል ሰው አለና። መንጋጋ ዐርፎ ሲቀመጥ የላይና የታች ጥርሶች አይነካኩም። በማላመጥና በመዋጥ ጊዜ የሚነካኩበት ጊዜ ተደምሮ በቀን 20 ደቂቃ ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ይህ ወደ ሰዓታት ሲረዝም ጡንቻው ይዝላል፣ ይቆስላል፤ ሰውየው ግን የሚያደርገውን አያውቀውም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የዘርፉ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ስምምነት የቀኑንና የሌሊቱን ለይቶ ያያል፤ በሌላ ጉዳይ ጤነኛ በሆነ ሰው ላይ ማፋጨቱ በራሱ በሽታ እንዳልሆነም ይገልጻል። የቀኑ በአብዛኛው ጥርስን መግጠም ወይም መንጋጋን ወጥሮ መያዝ ነው። የሌሊቱ ከእንቅልፍ ጋር የተያያዘ ነው፤ አንጎል ለጥቂት ሰከንዶች ወደ መንቃት ሲጠጋ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ከዚያ የመንጋጋ ጡንቻዎች በየተራ ይኮማተራሉ። «ጥርሶቹ ስላልገጠሙ ነው የሚያፋጨው» የሚለው የቆየ አስተሳሰብ ዛሬ ማስረጃ የለውም።

ልጅ ሌሊት ጥርሱን ሲያፋጭ ብዙ እናቶች አስቀድመው የሚጠረጥሩት ወስፋትን ነው። ግንኙነቱ በአስተማማኝ ሁኔታ አልተረጋገጠም። የሰገራ ምርመራ ማድረግ ምንም አይጎዳም፤ ትል ከተገኘም ለራሱ ሲባል ይታከማል። የአብዛኞቹ ልጆች ማፋጨት ግን ዕድሜያቸው ሲጨምር እየቀነሰ ይሄዳል። ይልቅ የሚያኮርፍ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛና ቀን ቀን የሚያንቀላፋ ልጅ የቶንሲልና የአተነፋፈስ ምርመራ ያስፈልገዋል።

በአዋቂዎች ዘንድ ማፋጨትን የሚያባብሱት ነገሮች ጎንደር ውስጥ በየቤቱ ይገኛሉ። አቦል፣ ቶናና በረካ ከራት በኋላ ሲጠጡ እንቅልፍ ይሳሳል። አልኮልና ሲጋራም ከሌሊት ማፋጨት ጋር ይያያዛሉ። ጫት በሁለት በኩል ይጎዳል፤ በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት ማላመጡ ጡንቻውን ያደክማል፣ በውስጡ ያለው ካቲኖን ደግሞ አነቃቂ ነው፤ አነቃቂዎች መንጋጋን በማስነከስ ይታወቃሉ። እንደ ፍሉኦክሴቲን ያሉ የድብርት መድኃኒቶችም በአንዳንድ ሰዎች ላይ ማፋጨትን ያስከትላሉ፤ ይህ ሲጠረጠር መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ይጠየቃል እንጂ በራስ ፈቃድ አይቋረጥም። ከሁሉም በላይ ጭንቀት አለ። ያለፉት ዓመታት ጦርነትና መፈናቀል በክልሉ ሰው ላይ የጣሉትን ሸክም ማንም አይስተውም፤ ታካሚን ስለ ጥርሱ ብቻ ጠይቆ ስለ እንቅልፉና ስለ ሐሳቡ ሳይጠይቁ መሸኘት ምርመራውን ለግማሽ ትቶ መነሣት ነው።

ሕመሙ ራሱ በሦስት ወገን ይከፈላል። ብዙውን ቦታ የሚይዘው የጡንቻ ሕመም ነው። ሁለተኛው የዲስኩ ከቦታው መንሸራተት ነው። አፍ ሲከፈት ዲስኩ ተመልሶ ከገባ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሳይመለስ ከቀረ አፍ በከፊል ይቆለፋል። ሦስተኛው የአጥንቱ ገጽ መበላት ሲሆን ድምፁ አሸዋ ላይ እንደ መራመድ ነው። ሕመም የሌለው ቀጭታ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ላይ የሚገኝ ስለሆነ ሕክምና አያስፈልገውም።

ምርመራው የሚከናወነው በጆሮ፣ በጣትና በማስመሪያ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ይጠይቃል፦ ሕመሙ ሲያላምጡ፣ ሲያዛጉ ወይም ሲያወሩ ይጨምራል? ጠዋት ሲነሡ ጉንጭዎ ይደክማል? ከዚያ ታካሚዋ አፏን እንድትከፍት ይጠይቃትና በላይና በታች የፊት ጥርሶቿ ጫፍ መካከል ያለውን ርቀት ይለካል፤ በአዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ማስመሪያ ከሌለ የራሷ ሦስት ጣቶች ተደራርበው መግባት አለባቸው። አገጯ በየት በኩል እንደሚሄድም ያስተውላል፤ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ወደ መሐል ከተመለሰ የሚንሸራተት ዲስክ ይጠረጠራል፣ እዚያው ጎን ከቀረ ግን ያልተመለሰ።

ቀጥሎ ጣቱ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት ጡንቻው በ1 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት፣ የመገጣጠሚያው ጎን ደግሞ በግማሽ ኪሎ ያህል እንዲጫን ያዛል፤ ተማሪዎች ልኩን የሚለማመዱት ጣታቸውን ሚዛን ላይ በመጫን ነው። ሁሉም ነገር የሚወሰነው ሐኪሙ እየጫነ በሚጠይቀው ጥያቄ ነው፦ «እናቴ፣ የለመዱት ሕመም ይህ ነው?» ማንም ሰው ጉንጩ ሲጫን ሊያመው ይችላል። «አዎ፣ እንቅልፍ የሚነሣኝ እርሱ ነው» የምትል ከሆነ ግን ምንጩ ተገኘ፤ ለወራት የተወቀሰው መንጋጋ ጥርስም ነጻ ወጣ።

አፍ ውስጥ የማፋጨት ምልክት ይፈለጋል፦ የሚያብለጨልጩ ጠፍጣፋ ቦታዎች፣ የጥርስ አሻራ የታተመበት የምላስ ጠርዝ፣ በጉንጭ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተሰመረ ነጭ መስመር። ያለቀ ጥርስ ግን ያለፈውን እንጂ ዛሬን አይናገርም፤ ቆሎም ጎምዛዛ ምግብም ጥርስን ይጨርሳሉ። አብሮ የሚተኛ ሰው የሰማው ድምፅ ከዚህ የተሻለ መረጃ ነው። ራጅ ሁልጊዜ አይታዘዝም። ሙሉውን መንጋጋ የሚያሳየው ራጅ ስብራትንና የጥርስ ሥር ቁስለትን ለመለየት ይረዳል፤ ዲስኩን የሚያሳየው ግን ኤም አር አይ ነው፣ የሚፈለገውም ውጤቱ ሕክምናውን የሚቀይር ከሆነ ነው።

አንዳንዱ አፍ ያለመከፈት ፈጽሞ የመገጣጠሚያ ሕመም አይደለም። በቅርቡ ቆስሎ የነበረ፣ ክትባት ያልወሰደ ሰው መንጋጋው ሲግተረተር መንጋጋ ቆልፍ ይጠረጠራል፤ ይህ ሕይወትን የሚቀጥፍ በሽታ ስለሆነ አንድ ሰዓት እንኳ አይዘገይም። ትኩሳትና እብጠት ያለበት የጥርስ ቁስለት፣ ሲራመዱ የሚመጣና ሲያርፉ የሚተው የመንጋጋ ሕመም (ልብ ሊሆን ይችላል)፣ ዕድሜው ከ50 ባለፈ ሰው ላይ ከጆሮ ግንድ ሕመምና ከእይታ መደብዘዝ ጋር የመጣ የማላመጥ ሕመም፣ ሁሉም ወደ ሆስፒታል በፍጥነት የሚያስኬዱ ናቸው።

ሕክምናው የሚጀምረው ተመልሶ ሊስተካከል በሚችል ነገር ነው። ታካሚው ሕመሙ ካንሰር እንዳልሆነና በአብዛኛው እንደሚሻል ሲነገረው ብቻ ግማሽ ፍርሃቱ ይወርዳል። ለጥቂት ሳምንታት ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጥሬ ሥጋና ማስቲካ ይቀራሉ፤ ሽሮ ፍትፍት፣ ገንፎ፣ አጥሚትና ድንች ይተካሉ። ሲያዛጉ አገጭን በመዳፍ ደገፍ ማድረግ፣ ክርን በጥርስ አለመበጠስ፣ የጠርሙስ ክዳን በጥርስ አለመክፈት ይመከራል። በሙቅ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ ጉንጭ ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል ማሳረፍ በጎንደር ብርድ ከብዙ ክኒን ይሻላል። ለቀን ነካሾች የሚሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው፦ ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ይለያይ። ተማሪው ደብተሩ ላይ፣ ሾፌሩ መሪው አጠገብ ትንሽ ምልክት ለጥፎ ባየው ቁጥር መንጋጋውን ያላላል።

አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ለአጭር ጊዜ ያግዛሉ፤ ግን በባዶ ሆድ ጨጓራን ያቆስላሉ። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቆይ ሰው ክኒኑን «ጠዋትና ማታ» ብሎ መስጠት አይበቃም፤ ከምግብ በኋላ እንዲወስደው ሰዓቱ አብሮ መታቀድ አለበት። ለቆየ ሕመም እ.ኤ.አ. በ2023 ቢ.ኤም.ጄ በተባለው የብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት የወጣው መመሪያ አጥብቆ የሚደግፈው ባለሙያ የሚመራውን የመንጋጋ እንቅስቃሴ፣ የእጅ ሕክምናንና አስተሳሰብና ልማድን የሚያስተካክል የሥነ ልቦና ሕክምናን ነው። ጥርስን ሞርዶ ግጥሚያውን መቀየር ለዚህ ሕመም አይመከርም።

ብዙ ታካሚ ግን የሚጠይቀው ሌሊት ጥርስ ላይ ስለሚደረገው፣ ሐኪሞች ናይት ጋርድ ስለሚሉት መሸፈኛ ነው። ልኬቱ አልጂኔት በሚባል የጥርስን ቅርጽ በሚይዝ ለስላሳ ውሁድ ይወሰዳል፣ በጀሶ ይቀዳል፣ በጀሶው ላይ ከጠንካራ አክሬሊክ ይሠራል፤ ከዚያ ሁሉም ጥርስ እኩል እንዲያርፍበት ይስተካከላል። ጥርስን ከማለቅ ይጠብቃል፤ ማፋጨቱን ግን አያድንም፣ የቆየ ሕመምን ለማስታገስም ማስረጃው ደካማ ነው፤ ያው የቢ.ኤም.ጄ መመሪያ ለዚህ ዓላማ ከመጠቀም ይልቅ ወደ አለመጠቀም ያዘነብላል። መታጠብ ያለበት በቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ የፈላ ውኃ ያጣምመዋል። የሚያኮርፍና በእንቅልፍ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው መጀመሪያ ስለ እንቅልፉ ይመርመር፤ የላይኛውን ጥርስ የሚሸፍነው በአንዳንዶች ላይ ትንፋሽን ሊያባብስ ይችላል። መገጣጠሚያውን በመርፌ ማጠብና ቀዶ ሕክምና ለጥቂቶች፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ የሚደረጉ ናቸው።

ማሕሌት ላይ ቆሞ ሲያዛጋ አፉ እንደተከፈተ የቀረ ሰው ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይለያል። መንጋጋው ወልቋል። መልሱ ከጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ከሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ ያው ነው፤ በጨርቅ የተጠቀለሉ አውራ ጣቶች በታችኛው መንጋጋ ጥርሶች ላይ ይቀመጣሉ፣ ወደ ታች ይጫናሉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይገፋሉ። ልምድ ያለው ወጌሻ ይህን ያውቅበታል፤ ሊመሰገንም ይገባል። ተመትቶ ወይም ወድቆ የወለቀ ግን ስብራት ሊኖረው ስለሚችል ያለ ራጅ አይነካም። እንደ ሜቶክሎፕራሚድ ያለ የማስታወክ ማስታገሻ ወስዶ መንጋጋው የተጣመመ ወጣትም መንጋጋው አልወለቀ ይሆናል፤ ጡንቻው በመድኃኒቱ ተኮማትሮ ነው፣ የሚፈታውም በመድኃኒት ነው።

እነዚህን ሙያዎች አንድ ላይ ለማገናኘት ጎንደር የተመቸች ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተ ነው፤ ዛሬ በአንድ ኮሌጅ ሥር የጥርስ ሐኪሞችንም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችንም ያስተምራል። ለመንጋጋ ሕመም የሚያስፈልገው ይህ ጉርብትና ነው። ከጥርስ ክፍል ወደ ፊዚዮቴራፒ የተላከች ታካሚ ከስድስት ሳምንት በኋላ ስትመለስ ያው ማስመሪያ ይወጣል፤ በመጀመሪያው ቀን ካርዷ ላይ 29 ሚሊ ሜትር ተብሎ ከተጻፈው አጠገብ አዲሱ ቁጥር ይሰፍራል፣ ቀጣዩም እርምጃ የሚወሰነው ሁለቱን በማነጻጸር ነው።