ሮው ፋይል ምንድን ነው? «ያልተነካ ፎቶ» የምትሉ፣ እባካችሁ!

ሮው ካሜራው የለካውን ብርሃን ገና ሳያሰናዳ የሚያስቀምጥበት ፋይል ነው። «የሮው ፎቶዬን ትክክለኛ ቀለም የሚያሳየኝ የትኛው ሶፍትዌር ነው?» የሚል ሰው በመጣ ቁጥር አንድ መላሽ አይጠፋም። «ላይትሩም (የአዶቤ ፎቶ ማሰናጃ ሶፍትዌር) ቀለም ያበላሻል። ትክክለኛው ካሜራህ ስክሪን ላይ ያየኸው ነው» ይለዋል። ሰለቸኝ።

ወዳጄ፣ ካሜራህ ስክሪን ላይ ያየኸው ሮው አይደለም። ካሜራው ራሱ አሰናድቶ ፋይሉ ውስጥ የሸጎጠው ጄፔግ ነው። ቀለሙን አድምቆታል፣ ጠርዙን አሹሎታል። ላይትሩም ላይ መጀመሪያ ደምቆ ታይቶ ወዲያው ፈዘዝ የሚለውም ለዚህ ነው። የተሸጎጠው ጄፔግ ይነሳና ሶፍትዌሩ ራሱ የሠራው ምስል ይተካል። ማንም ምንም አላበላሸም።

ሮው ገና ፎቶ አይደለም፤ የብርሃን ልኬት ነው። እያንዳንዱ ፒክስል የሚለካው አንድ ቀለም ብቻ ነው። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ ነው (ኤክስ ትራንስ የሚባለው የፉጂፊልም ሴንሰር አደራደሩ ለየት ይላል)። የቀሩትን ሁለት ቀለሞች ከጎረቤት ፒክስሎች አስልቶ የሚሞላው ሶፍትዌሩ ነው። ዋይት ባላንስም (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገው ማስተካከያ) ቢሆን በአብዛኛው ማስታወሻ ብቻ ነው፤ በኋላ ትቀይረዋለህ።

እንግዲህ ሮው ሊጥ ነው፣ ሶፍትዌሩ ምጣድ። አንዱ ሊጥ በሁለት ምጣድ ሲጋገር ዓይኑም መልኩም ይለያያል። «ትክክለኛው እንጀራ የትኛው ነው?» ትላለህ? ጄፔግ የተጋገረው ነው፤ ወደ ሊጥ አይመለስም። በእርግጥ ሊጥ አንዴ ከተጋገረ አለቀ፤ ሮውን ግን መቶ ጊዜ ብትጋግረው ዋናው ፋይል አይነካም። ሊጡ ውስጥ ያልገባ ጤፍ ደግሞ ከምጣዱ አይመጣም። ሙሽራዋን በቀትር ፀሐይ አንስተሃት የነጭ ቀሚሷ ሽመና በሦስቱም ቀለሞች ካሜራው ሊለካ ከሚችለው ጣሪያ ደርሶ ባዶ ነጭ ከሆነ፣ የትኛውም ሶፍትዌር አይመልስልህም።

ሌላም አለ። ባለ 14 ቢት ሮው 16,384 የብርሃን ደረጃ አለው፣ ጄፔግ በየቀለሙ 256። ይህን አካፍሎ «64 እጥፍ ጥራት» የሚል አይቻለሁ። አይሆንም። ጄፔግ ደረጃዎቹን ለዓይን በሚመች መንገድ ነው የሚያከፋፍለው። የሮው ብዙ ደረጃ ጥቅሙ የሚታይህ የፎቶውን ጨለማ ክፍል ስታደምቅ ነው።

ስለዚህ ሶፍትዌር ስትመርጥ የራስህን ፋይል በሁለት ሦስቱ ክፈትና የሰው ፊት ተመልከት። ጠይም ቆዳን አንዱ ወደ ቀይ፣ ሌላው ወደ ቢጫ ሊጎትተው ይችላል። ዳርክቴብል ነጻ ነው፤ ካፕቸር ዋን የሙከራ ጊዜ አለው። ካሜራህ አዲስ ከሆነ ግን አሮጌ ቨርዥን ፋይሉን ጭራሽ ላይከፍተው ይችላል።

የካሜራውን ስክሪን ቀለም ነው የምፈልገው ካልክም መብትህ ነው። ካኖንና ኒኮን የራሳቸውን ሶፍትዌር በነጻ ይሰጣሉ። ላይትሩም ላይ ደግሞ ፕሮፋይሉን (ቀለሙን የሚተረጉምበትን መንገድ) ከአዶቤ ከለር ወደ ካሜራ ስታንዳርድ ቀይረው፤ ለአብዛኞቹ ካሜራዎች አለ፣ በጣም ይቀራረባል።