ሰርን እንዴት ይተዳደራል?

ሰርን በጄኔቫ ከተማ ዳርቻ፣ የስዊዘርላንድንና የፈረንሳይን ድንበር ተሻግሮ የተዘረጋ የቅንጣት ፊዚክስ የምርምር ተቋም ሲሆን፣ ባለቤቶቹ 25 አባል መንግሥታት ናቸው። ስሙን ያገኘው ከአስተዳደሩ ነው፤ ተቋሙን እንዲያደራጅ በ1952 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሰየመው ጊዜያዊ ምክር ቤት በፈረንሳይኛ ይጠራበት የነበረው ስም («የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ምክር ቤት») ምሕጻር ነው። ምክር ቤቱ በ1954 ሥራውን ጨርሶ ሲፈርስ ምሕጻሩ ለተተኪው ድርጅት ቀረ።

የመመሥረቻ ስምምነቱን 12 አገሮች በ1953 ፓሪስ ላይ ፈረሙ፤ ሥራ ላይ የዋለውም ሴፕቴምበር 29 ቀን 1954 ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ድርጅቱ ለጦር ኃይል በሚውል ሥራ እጁን እንዳያስገባ፣ የምርምሩም ውጤት ታትሞ ወይም በሌላ መንገድ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ያዛል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና 10 ዓመት ሳይሞላ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ብሪታኒያ «ኑክሌር» የሚል ቃል በስሙ በያዘ ተቋም ውስጥ አብረው ለመቀመጥ የደፈሩት፣ እዚያ የሚደበቅ ነገር እንደማይኖር አስቀድሞ በመታወቁ ጭምር ይመስላል።

የዛሬው ድርጅት የበላይ አካል የአባል አገሮቹ ምክር ቤት ነው። እያንዳንዱ አባል አገር ሁለት ልዑካን ይልካል፦ አንዱ የመንግሥቱ ወኪል፣ ሌላው የአገሩን ሳይንቲስቶች ፍላጎት የሚያስረዳ ባለሙያ። የሁለቱ ድምፅ ግን አንድ ነው፤ ስለዚህ የገንዘቡ ሰውና የሳይንሱ ሰው ጄኔቫ ከመድረሳቸው በፊት እዚያው አገራቸው ተከራክረው መስማማት ይኖርባቸዋል። ዓመታዊው መዋጮ በየአገሩ የተጣራ ብሔራዊ ገቢ ልክ ይደለደላል። በእኛ እድር ሁሉም እኩል አዋጥቶ እኩል ይናገራል፤ እዚህ ግን ከሁሉ የበለጠ የምትከፍለው ጀርመንና ትንሿ ኢስቶኒያ የሚያዋጡት ሳይመጣጠን ድምፃቸው እኩል ነው። አብዛኛው ጉዳይ በተራ የድምፅ ብልጫ ሊያልፍ ይችላል፤ ዋና ዳይሬክተር ለመሾም የአባላቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ አዲስ አባል ለመቀበል ደግሞ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል። በተግባር ምክር ቤቱ እጅ ቆጥሮ ከማሸነፍ ይልቅ መግባባትን ይመርጣል፤ ቅር ያለው አገር ጥሎ መውጣት ይችላልና። ዩጎዝላቪያ በ1961 በገንዘብ ምክንያት ወጥታለች፤ ስፔንም በ1969 ወጥታ በ1983 ተመልሳለች።

በወረቀት ላይ ያለው እኩልነት በገንዘብ የተፈተነው ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ታላቁ የሃድሮን ማጋጫ (ቅንጣቶችን እርስ በርስ የሚያጋጨው ማሽን) ይገንባ ወይስ አይገንባ በተባለበት ጊዜ ነው። ወጪው ያሳሰባቸው ጀርመንና ብሪታኒያ አስተናጋጆቹ ፈረንሳይና ስዊዘርላንድ ተጨማሪ እንዲያዋጡ ጠየቁ፤ ዕቅዱ በዲሴምበር 1994 ሲጸድቅም ማሽኑ በሁለት ዙር፣ መጀመሪያ ከማግኔቶቹ ከፊሉ ሳይገባ፣ እንዲሠራ ተባለ። ጃፓን፣ ህንድና ሌሎች አባል ያልሆኑ አገሮች ለማገዝ ፈቃደኛ እየሆኑ ሲመጡ ግን ምክር ቤቱ በ1996 ሐሳቡን ቀይሮ በአንድ ዙር እንዲገነባ ወሰነ።

ምክር ቤቱን የሳይንስ ፖሊሲ ኮሚቴና የገንዘብ ኮሚቴ ያማክሩታል። የዕለት ተዕለት ሥራውን የሚመራው ዋና ዳይሬክተር ብዙውን ጊዜ ለአምስት ዓመት ይሾማል፤ ከየትኛውም መንግሥት፣ ከራሱ አገርም ቢሆን፣ ትእዛዝ መቀበል አይፈቀድለትም። ከ2016 እስከ 2025 ድረስ ሁለት ዘመን የመሩት ጣሊያናዊቷ ፋቢዮላ ጃኖቲ በቦታው የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

ሆኖም የዋና ዳይሬክተሩ ሥልጣን ማሽኑና የሰርን ሠራተኞች ዘንድ ያበቃል። በማጋጫው ላይ የሚካሄዱት እንደ አትላስና ሲኤምኤስ ያሉ ግዙፍ ሙከራዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች ሲኖሯቸው፣ ከእነዚህ አብዛኞቹ ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከየአገራቸው ዩኒቨርሲቲ ነው። በአለቃና በምንዝር የማይተሳሰርን ሰው ማዘዝ አይቻልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሙከራ የራሱ አስተዳደር አለው፦ አባል ተቋማቱ አንዳንድ ድምፅ የያዙበት የትብብር ቦርድ፣ እንዲሁም «ቃል አቀባይ» የሚባል መሪ። ስያሜው ለጋዜጠኞች መግለጫ የሚሰጥ ሰው ያስመስለዋል፤ እርሱ ግን ተመርጦ ለተወሰነ ጊዜ ሙከራውን የሚመራ ሳይንቲስት ነው። ጃኖቲም ሂግስ ቦሶን የተባለው ቅንጣት መገኘቱ በጁላይ 4 ቀን 2012 ሲታወጅ የአትላስ ቃል አቀባይ ነበሩ።

ተቋማቱን የሚያስተሳስረው መግባቢያ ሰነድ በሕግ አያስገድድም፤ ፈራሚው ቃሉን ካላከበረ የሚጠብቀው የባልደረቦቹ ትዝብት ነው። ብዙዎቹ የሚያዋጡትም በጥሬ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በተሠራ ዕቃ ነው። ከሲኤምኤስ መመርመሪያ መሣሪያ ክፍሎች አንዱ የተሠራበት ናስ የተገኘው ከሩሲያ ባሕር ኃይል አሮጌ የመድፍ ጥይት ቀለሃ ነው፤ ለጦር ላለመሥራት በስምምነት የታሰረ ተቋም የመድፍ ቀለሃ ለምርምር ማዋሉ የሚያስገርም ነው። የጋራ የሥራ ማስኬጃ ወጪው ደግሞ እያንዳንዱ ተቋም ባሉት የዶክትሬት ዲግሪ ያላቸው ሳይንቲስቶች ቁጥር ይከፋፈላል።

የሁሉም ድካም የሚከፈለው በስም ነው። ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለመላው ትብብር ተሰራጭቶ ይተቻል፤ ሲወጣም የደራሲዎቹ ስም በማዕረግ ሳይሆን በፊደል ተራ ይሰፍራል። አትላስና ሲኤምኤስ በ2015 በጋራ ባወጡት 33 ገጽ ጽሑፍ ውስጥ 24ቱን ገጽ የያዘው የ5,154 ደራሲዎችና የተቋሞቻቸው ዝርዝር ነበር።

ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ስትወር ችግሩ የወጣውም ከዚሁ ዝርዝር ነው። ምክር ቤቱ ከሩሲያ ጋር የነበረው የትብብር ውል በኖቬምበር 2024 ሲያበቃ እንዳይታደስ መወሰን ቻለ፤ የሩሲያ ተቋማት ስም በደራሲ ዝርዝር ይስፈር ወይስ አይስፈር የሚለው ጉዳይ ግን የሙከራዎቹ የራሳቸው ነበርና በየቦርዱ ክርክሩ ቀጠለ። ብዙ ጽሑፎች መጽሔት ላይ ሳይታተሙ ቆዩ። በ2023 የተገኘው መፍትሔ የሩሲያውያኑን ተመራማሪዎች ስም ሳይነካ የተቋሞቻቸውን ስም «ከሰርን ጋር የትብብር ውል ባለው ተቋም የሚሠራ» በሚል ሐረግ መተካት ሆነ።