የማስታወቂያ አደራረስ አድልዎ ምንድን ነው?

አንድ ኮሌጅ ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ ሲለቅ ሁለት ምርጫ ይካሄዳል። የመጀመሪያው የኮሌጁ ነው። ዕድሜያቸው ከዚህ እስከዚህ የሆነ፣ እዚህ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ይዩልኝ ይላል። ሁለተኛው ግን ከኮሌጁ እጅ ውጭ ነው። ከተመረጡት ሰዎች መካከል ማስታወቂያው ዛሬ ማን ስልክ ላይ ብቅ እንደሚል የሚወስነው የፌስቡክ ባለቤት የሆነው የሜታ አልጎሪዝም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚመራበት ስሌት ነው። በዚህ ሁለተኛ ምርጫ ላይ፣ ማንም ሳያዝ፣ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ወደ አንዱ ዘር ወይም ጾታ ሲያዘነብል የማስታወቂያ አደራረስ አድልዎ ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ስልኩን ከፍቶ ጣቱን ባንሸራተተ ቁጥር ለዚያች ክፍት ቦታ ጨረታ ይካሄዳል። ብዙ ብር ያቀረበ ሁሉ አያሸንፍም። አልጎሪዝሙ «ይሄ ሰው ይህን ማስታወቂያ የመጫን ዕድሉ ምን ያህል ነው?» ብሎ ይገምታል። ግምቱና የቀረበው ዋጋ አንድ ላይ ታይተው አሸናፊው ይለያል። ግምቱ የሚመጣው ካለፈው ነው፤ እሱን የሚመስሉ ሰዎች ትናንት ምን ተጫኑ? ዘር የሚል ሳጥን መሞላት የለበትም። የሚኖርበት ሰፈር፣ የሚከተላቸው ገጾችና የሚያያቸው ቪዲዮዎች ተደማምረው ዘሩን ያሳብቃሉ። ሜታ በ2022 መጀመሪያ ላይ ከዘር ጋር የተያያዙ የመምረጫ አማራጮችን ከአስተዋዋቂዎች ወስዷል። ጥሩ ነው። ግን ያ የነካው የመጀመሪያውን ምርጫ ብቻ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ መጀመሪያ በደንብ የታየው በሥራ ማስታወቂያ ላይ ነው። በ2019 አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች የተለያዩ የሥራ ማስታወቂያዎችን ለተመሳሳይ ተመልካች ለቀቁ። ውጤቱ ጉድ ነበር። የእንጨት ሥራ ማስታወቂያውን ካዩት ውስጥ እስከ 90 በመቶው ወንዶች፣ 72 በመቶው ደግሞ ነጮች ሆኑ። የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይነት 85 በመቶ ሴቶች ጋ ሄደ። የታክሲ ሥራው 75 በመቶ ጥቁሮች ጋ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ሲነዳ የኖረ ወገናችን ይህን ቢሰማ የሚደነቅ አይመስለኝም። ተመራማሪዎቹ ግን ማስታወቂያው ለዚህ ዘር ወይም ለዚያ ጾታ ይሂድልን አላሉም ነበር። ማሽኑ በራሱ ጊዜ መደበላቸው።

ኮሌጅ ላይ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። አሜሪካ ውስጥ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጎን ለትርፍ የሚሠሩ ኮሌጆች አሉ፤ አንዳንዶቹ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ነው። ገቢያቸው በአብዛኛው የሚመጣው ተማሪው ከሚወስደው የፌዴራል ብድርና ድጎማ ነው። ስለዚህ ተማሪ ማስመዝገብ ማለት ገንዘብ ማስገባት ማለት ነው፤ ተማሪው ቢጨርስም ባይጨርስም። የአሜሪካ ሴኔት የትምህርት ኮሚቴ በ2012 ሠላሳ እንዲህ ዓይነት ኩባንያዎችን መርምሮ ያወጣውን ሪፖርት ማየት ነው። በ2009 የበጀት ዓመት ኩባንያዎቹ ለማስታወቂያና ለምልመላ 4.2 ቢሊዮን ዶላር አወጡ። ለማስተማር 3.2 ቢሊዮን። ተማሪ መልማዮቹ ከ35,000 በላይ ነበሩ። ተማሪ ሲመረቅ ሥራ እንዲያገኝ የሚረዱት ሠራተኞች 3,500 ገደማ። ከዚህ በላይ ኩባንያው የት ላይ እንደሚተጋ የሚናገር ቁጥር ያለ አይመስለኝም።

መልማዮቹ ደግሞ ማንን እንደሚፈልጉ ያውቁ ነበር። ካሊፎርኒያ በ2013 ኮሪንቲያን ኮሌጅስ የተባለውን ኩባንያ ስትከስ፣ በራሱ የውስጥ ሰነድ ላይ ዒላማዎቹን እንዴት እንደገለጻቸው አወጣች፤ ብቸኛ የሆኑ፣ ትዕግሥት የሌላቸው፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው፣ የሚያስብላቸው ሰው ጥቂት የሆነ። ኩባንያው በ2015 ፈረሰ። በ2022 መንግሥት 560,000 የሚሆኑ የቀድሞ ተማሪዎቹን 5.8 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ሰረዘ።

ከመልማዮቹ ጀርባ ሌላ ንግድ አለ፤ ስልክ ቁጥር የመሸጥ ንግድ። «ለትምህርት ድጎማ ብቁ መሆንዎን ይወቁ» የሚል ገጽ ይከፈታል። ሰውየው ስሙንና ስልኩን ይሞላል። የመንግሥት ገጽ ይመስለዋል። ሳይውል ሳያድር ከየኮሌጁ ስልኩ መጮህ ይጀምራል። ኩዊንስትሪት የተባለ ኩባንያ የወታደሮችን የትምህርት ድጎማ ስም የያዘ ድረ ገጽ ከፍቶ እንዲህ ይሠራ ነበር። በ2012 የሃያ ግዛቶች ዐቃቤ ሕጎች ይዘውት 2.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ የድረ ገጹንም ስም ለወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት አስረከበ።

ታዲያ ዘሩ የት ገባ? ሶሺዮሎጂስቶቹ ሉዊዝ ሲምስተርና ራፋኤል ሻሮን ሼኒዬ በ2017 ስለ ትምህርት ዕዳ ሲጽፉ አንድ ነገር አነሱ። ድሮ ጥቁሮች በሩ ይዘጋባቸው ነበር። አሁን በሩ ይከፈታል፤ ግን ጥቅሙን በሚበላ ዋጋ። ሌላው በርካሽ ያገኘውን እነሱ በውድ፣ በዕዳ፣ በተበላሸ ውል ያገኙታል። ከቤት ብድር ጋር በተያያዘ አሜሪካኖች ይህን ከጥንት ያውቁታል። ባንኩ መጀመሪያ የጥቁሮችን ሰፈር በካርታ ላይ አጥሮ ብድር ከለከለ፤ በኋላ ደግሞ እዚያው ሰፈር ሄዶ መጥፎውን ብድር ሸጠ። ለትርፍ በሚሠራው ዋልደን ዩኒቨርሲቲ ላይ በ2022 የቀረበው ክስም ይኸው ነበር። የዶክትሬት ትምህርት ከተባለው ጊዜ በላይ እየተጎተተ ክፍያው ይከማቻል፣ ማስታወቂያው ደግሞ ጥቁሮችንና ሴቶችን ዒላማ ያደርጋል የሚል። በ2024 ዩኒቨርሲቲው 28.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

እስካሁን ያየነው ግን ሰው አስቦ ያደረገው ነው። አልጎሪዝሙ ራሱስ? ይህን የፈተሹት ባስልኤል ኢማና፣ አሌክሳንድራ ኮሮሎቫና ጆን ሃይደማን ናቸው፤ ጥናታቸው በ2024 ወጣ። (የመጀመሪያው ስም ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም።) አፈታተሻቸው ከውጤቱ በላይ ይጥመኛል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንደኛው ችግር ይሄ ነው። አንድ የኮሌጅ ማስታወቂያ ጥቁሮች ጋ በብዛት ቢሄድ ምንም አያስረዳም። ምናልባት በዚያ ሰዓት ፌስቡክ ላይ የነበሩት እነሱ ይሆናሉ። ምናልባት ሌላ አስተዋዋቂ ነጮቹን በውድ ዋጋ ወስዷቸው ይሆናል። ስለዚህ ማስታወቂያዎቹን ጥንድ ጥንድ አደረጓቸው። አንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ለትርፍ የሚሠራ። ተመልካቹ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ በጀቱ አንድ። ሰዓቱም ሆነ ውድድሩ ሁለቱን እኩል ስለሚነካቸው ተጣፍቶ ይወጣል። የሚቀረው ልዩነት የአልጎሪዝሙ ነው።

ሁለተኛው ችግር ሜታ ማስታወቂያውን ስንት ጥቁር፣ ስንት ነጭ እንዳየው አለመናገሩ ነው። የሚናገረው ቦታ ነው። እዚህ ላይ ብልሃት አመጡ። አንዳንድ የደቡብ ግዛቶች የመራጮቻቸውን መዝገብ ከነዘሩ ለሕዝብ ክፍት ያደርጋሉ። ከዚያ መዝገብ ጥቁሮችን ከአንድ አካባቢ፣ ነጮችን ከሌላ አካባቢ ብቻ መርጠው የማስታወቂያውን ተመልካቾች ዝርዝር ሠሩ። ከዚያ ሜታ «ይሄን ያህል ሰው ከዚህ አካባቢ አይቶታል» ሲል ዘሩን ነገራቸው ማለት ነው። አካባቢው ራሱ ልዩነት እንዳያመጣ ደግሞ ቦታዎቹን አገላብጠው ደገሙት።

ውጤቱስ? ለትርፍ የሚሠሩት ኮሌጆች ማስታወቂያ ከመንግሥቶቹ ይልቅ ወደ ጥቁር ተጠቃሚዎች አዘነበለ። ኮሌጆቹ በራሳቸው ማስታወቂያ የሚጠቀሙባቸው ሰው ያለባቸው ፎቶዎች ሲገቡ ልዩነቱ ሰፋ። ተማሪ በማታለል የተከሰሱ ኮሌጆችን ሲሞክሩም ያው ሆነ። ሁለቱም ዓይነት ትምህርት ቤት አመልካቹን ሊቀበል የሚችል ነው፤ ስለዚህ «ብቁ ስላልሆኑ ነው» የሚል ምክንያት አይሠራም።

ሜታ ይህን ማስተካከል አይችልም እንዳይባል፣ በሌላ ጉዳይ አስተካክሏል። በ2022 ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ባደረገው ስምምነት ለቤት ማስታወቂያዎች አደራረሱን የሚያመጣጥን ሥርዓት ሠርቷል፤ ኋላም ወደ ሥራና ወደ ብድር አሰፋው። ትምህርት ግን አልገባበትም። የኮሌጅ ዕዳ ከቤት ኪራይ ያነሰ ጉዳይ ነው ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም።

ጥናቱ መደርደሪያ ላይ አልቀረም። በ2025 መጀመሪያ ኢኳል ራይትስ ሴንተር የተባለ የመብት ድርጅት ሜታን ዋሽንግተን ዲሲ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ክሱ የከተማዋን የሰብዓዊ መብትና የሸማቾች ሕግ የሚጠቅስ ነው። ዲሲና ዙሪያዋ ደግሞ ሀበሻ በብዛት የሰፈረበት ቦታ ነው። ስለዚህ ነገሩ እኛንም ሊነካ ይችላል።

ፌስቡክ ላይ «ይህን ማስታወቂያ ለምን አየሁ?» የሚል መጫኛ አለ። ሲጫኑት በአብዛኛው ዕድሜና አካባቢ ይነግራል። ጎረቤት ስልክ ላይ የትኛው ኮሌጅ እንደወጣ ግን አይነግርም። አድልዎው ያለው ደግሞ እዚያ ንጽጽሩ ላይ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ስልኩን ብቻ እያየ ሊይዘው አይችልም። ኮሌጁን ራሱን መመርመር ግን ይቻላል። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባል ነጻ ድረ ገጽ አለው። የኮሌጁን ስም ሲያስገቡ ስንቱ እንደሚመረቅ፣ ተማሪው ምን ያህል ዕዳ ይዞ እንደሚወጣና ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደሚያገኝ ያሳያል። ስልክ ቁጥርም አይጠይቅም።