ጨው ቀለም አያጣብቅም

ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። ጥጥ ስለማቅለም ወሬ ከተነሳ ጨው መነሳቱ አይቀርም። «ጨው ቀለሙን ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል» ይባላል።

አያጣብቀውም። ጥጥ ውሃ ውስጥ ሲገባ ገጹ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ሪአክቲቭ የሚባሉት ቀለሞችም ኔጋቲቭ ናቸው፤ ስለዚህ ይገፋፋሉ። ጨው ሲጨመር ከጨው የሚወጡት ፖዘቲቭ የሶዲየም አዮኖች (ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች) ጥጡን ከበው ይሰበሰባሉ፣ መገፋፋቱም ይለዝባል። ያኔ ቀለሙ ይጠጋል። ከጥጡ ጋር የሚተሳሰረው ግን ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ገብቶ ውሃው አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ሲሆን ነው። ጨው መንገድ ከፋች ነው።

«የሟሟ ጨው የትም ቦታ እኩል ነው» የሚለውስ? ከገጹ ራቅ ካላችሁ ልክ ነው። ጥጡ አጠገብ ግን ሶዲየሙ ይበዛል፣ ኔጋቲቭ የሆነው የጨው ክፍል፣ ክሎራይዱ፣ ያንሳል።

ታዲያ ሶዲየሙ እንደ ግድግዳ ቀለም ተለጥፎ ይቀራል? ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ አንድ ንብርብር አድርጎ ነበር ያሰበው። አዮን ግን አርፎ አይቀመጥም፤ ሙቀት ያራውጠዋል። ፈረንሳዊው ጉዊ በ1910፣ እንግሊዛዊው ቻፕማን በ1913 እ.ኤ.አ. ከገጹ እየራቀ የሚሳሳ የአዮን ደመና መሆኑን አሳዩ። ጀርመናዊው ሽተርን በ1924 ሁለቱን ሐሳቦች አስታረቀ፦ ጥቂቱ ገጹን ተጠግቶ ይያዛል፣ የቀረው ደመና ይሆናል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ላይ ደረስን። «ጨው ሲበዛ ደመናው ይወፍራል።» እኔም ድሮ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የሚሆነው ተቃራኒው ነው! በሊትር 0.06 ግራም ገደማ ጨው ካለ የደመናው ውፍረት ወደ 10 ናኖሜትር (አንዱ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ነው። ጨዉን መቶ እጥፍ አድርጉት፣ 6 ግራም ገደማ፤ ወደ 1 ናኖሜትር ይቀጥናል። አዮኑ ሲበዛ ገጹን ለመሸፈን ሩቅ መዘርጋት አያስፈልገውም።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ክረምት ላይ የቦርከና ወንዝን ድፍርስ ውሃ በሁለት ብርጭቆ ቅዱ። አንዱ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ሁለቱንም አማስሉና ሳትነኩ አስቀምጡ። የሸክላ አፈሩ ቅንጣቶች ኔጋቲቭ ስለሆኑ ደመናቸው አራርቆ ያቆያቸዋል። ጨው በገባበት ብርጭቆ ግን ደመናው ስለሚቀጥን ይጠጋጋሉ፣ እንደ እርጎ ጓል ይሰባሰቡና ይዘቅጣሉ። ያለ ጨው የቀረው ገና ቡናማ ሆኖ ይቆያል።

«ጠራ ማለት ነጻ ማለት ነው» እንዳትሉ ግን አደራ። የዘቀጠው ጭቃው ነው። በሽታ አምጪ ተሕዋስያኑ እዚያው ውሃው ውስጥ ሊኖሩ ስለሚችሉ አትጠጡት።