የወተት ጥርስ ሙሌት በጅማ፦ ጤነኛውን ሳይነኩ መጠገን

የልጆች ጥርስ ሙሌት ማለት ከተቦረቦረ የወተት ጥርስ ውስጥ ብስባሹን አውጥቶ ቦታውን መድፈን ነው። ቆጣቢ የሚባለው አሠራር በዚህ ላይ አንድ ደንብ ይጨምራል፦ የሚነሳው የበሰበሰው ብቻ ነው። ጤነኛው ክፍል አይነካም። ከተቻለ መርፌም መሰርሰሪያም አይኖርም።

ጅማ ላይ ስለዚህ ሕክምና ለማውራት መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ማለፍ ግድ ነው። ሄርማታ ሆነ ጊንጆ ወይም ቦሳ አዲስ፣ ልጄን ጥርስ ላስሞላ ነው ያለ ሰው የሚሰማው ያው ነው። "ለሚወልቅ ጥርስ ምን አደከመህ?" ይሉታል። ጥያቄው የዋህ ቢመስልም ክፉ አይደለም። የወተት ጥርስ በእርግጥም ይወልቃል። ጉዳዩ መቼ ነው የሚለው ላይ ነው።

የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ልጁ ስድስት ወር ገደማ ሲሞላው ብቅ ይላሉ። ሦስት ዓመት አካባቢ ሁሉም ወጥተው ያልቃሉ። የፊቶቹ ከስድስት ዓመት ጀምሮ መነቃነቅ ይጀምራሉ፤ ወላጅም የሚያየው እነሱን ነው። የኋላዎቹ መንጋጋዎች ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ እዚያው ናቸው። በአራት ዓመቱ መንጋጋው የተቦረቦረ ልጅ ገና ስድስት ሰባት ዓመት የሚያኝክበት ጥርስ ነው የተበላሸበት። ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ጎን ማኘክ ቀላል አይደለም።

ሌላም አለ። የወተት መንጋጋ ለተተኪው ቦታ ጠባቂ ነው። ስድስት ዓመት ገደማ ላይ ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ጀርባ አንድ ትልቅ ጥርስ ይወጣል። የሚተካው ጥርስ የለም፤ ምንም ሳይወልቅ ዝም ብሎ ከኋላ ብቅ ይላል። ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። አይደለም፤ ለዕድሜ ልክ የተሰጠ ቋሚ ጥርስ ነው። ከፊቱ ያለው የወተት መንጋጋ ያለጊዜው ከተነቀለ ይህ ጥርስ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በኋላ የሚመጣው ተተኪ ጥርስ ቦታ ያጣና ተጣሞ ወይም ተደራርቦ ይወጣል። እና "ይነቀልና ይገላገል" የተባለው ልጅ በ12 ዓመቱ ድርብርብ ጥርስ ይዞ ይመለሳል።

ለምን ይቦረቦራል? ጥርስ በልቶ የሚጨርስ ትል የለም፤ አያቶቻችን ቢያምኑትም። በጥርስ ላይ የሚለጠፉ ባክቴሪያዎች ስኳር ይበሉና አሲድ ያመርታሉ። የአፉ ፒኤች፣ ማለትም ሲያንስ አሲዱ መበርታቱን የሚያሳየው መለኪያ፣ 5.5 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ የጥርሱ ማዕድን መሟሟት ይጀምራል። ምራቅ ጊዜ ካገኘ የጠፋውን ማዕድን መልሶ ያስገባል። ጊዜ ካላገኘ ግን ጥርሱ እየተሸነፈ ይሄዳል። ስለዚህ የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ጊዜ አፍ ውስጥ እንደሚገባ ወሳኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ከረሜላ የሚመጥ ልጅ ጥርስ ለማገገም ፋታ የለውም። ዳቦ እየነከረ በየሰዓቱ ስኳር የበዛበት ሻይ የሚጠጣም፣ ጡጦ በአፉ ይዞ የሚተኛም እንደዚያው።

የጅማ ሰው እዚህ ላይ ስለ ማር ይከራከራል። ደኑም ንቡም ያለበት አገር ነውና አይፈረድበትም። "ማር እኮ መድኃኒት ነው" ይላል። ለጉሮሮ ይሁን። ለጥርስ ግን ማር ስኳር ነው፤ ያውም የሚጣበቅ ስኳር።

የወተት ጥርስ ኢናሜል፣ ማለትም ጠንካራው ነጭ ልባሱ፣ ከቋሚው የቀጠነ ነው። ነርቩ ያለበት ክፍል ደግሞ ከጥርሱ መጠን አንጻር ሰፊ ነው። ስለዚህ ትንሽ የምትመስል ጉድጓድ ቶሎ ነርቭ ጋ ትደርሳለች። ነገሩ የሚጀምረው ድድ አጠገብ በምትታይ የኖራ መልክ ባላት ነጭ ምልክት ነው። በዚያ ደረጃ ላይ ሙሌት አያስፈልግም፤ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙናና በአመጋገብ ለውጥ ሊመለስ ይችላል። ስለ ፍሎራይድ ከተነሳ፣ በስምጥ ሸለቆ ባደጉ ሰዎች ላይ የሚታየው ቡናማ ጥርስ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የሚመጣው ጥርሱ ገና ሲሠራ ከውሃ ከሚገባ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል።

የድሮው የሙሌት ትምህርት መሠረት የተጣለው በአሜሪካዊው ግሪን ቫርዲማን ብላክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ያሳተመው ትምህርት ሐኪሙ ከብስባሹ አልፎ ጤነኛውንም እንዲቆርጥ ያዝዝ ነበር። ምክንያት ነበረው። የዚያ ዘመን መሙያ አማልጋም፣ ማለትም ሜርኩሪ ያለበት የብረት ቅይጥ፣ ጥርስ ላይ አይጣበቅም። እንዳይወጣ ከአፉ የጠበበ፣ ከታች የሰፋ ጉድጓድ መቆፈር ያስፈልግ ነበር። የጅማን በርጩማ ያየ ሰው ይህ ምን እንደሚያስከፍል ይገባዋል። በርጩማው ከአንድ ግንድ ተጠርቦ ይወጣል፤ ያለአግባብ የተጠረበ እንጨት ተመልሶ አይገጠምም። ኢናሜልም አንዴ ከተቆረጠ አይበቅልም።

ነገሩን የቀየረው የሚጣበቅ መሙያ መምጣቱ ነው። ማይክል ቡኦኖኮር እ.ኤ.አ. በ1955 ኢናሜልን በአሲድ ማሻከር ማጣበቅን እንደሚያሻሽል አሳየ። ከዚያ በ1960ዎቹ ኮምፖዚት የሚባለው ጥርስ መሳዩ መሙያ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ እንግሊዛውያኑ ዊልሰንና ኬንት ግላስ አዮኖመር የተባለውን ሲሚንቶ ይፋ አደረጉ። ለልጆች ትልቁ ዜና ይሄ ነው። ዱቄትና ፈሳሽ ሆኖ ይመጣል፤ በእጅ ይቦካል። እርጥበት ባለበት ጥርስ ላይ በራሱ ይጣበቃል፤ ከተሞላ በኋላም ፍሎራይድ እየለቀቀ ይቆያል።

ዱቄቱን ይዞ ወደ ገጠር የወጣው ዘዴ የተወለደው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ፣ መብራት በሌለበት ቦታ፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ ጥርስ መሙላት ተጀመረ። ሆላንዳዊው ዮ ፍሬንከን ስሙ ከዚህ ሥራ ጋር ይነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ዘዴውን አስተዋወቀ። በ2021 ደግሞ ግላስ አዮኖመርን ራሱን መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። መብራት በፈለገው ሰዓት በሚሄድበት ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሠራሩን በቅርብ ያየሁት በእህቴ ልጅ ነው። ሰባት ዓመቱ ነበር፤ የታችኛው መንጋጋው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጉድጓድ ነበረችው። መጀመሪያ የወሰድነው ቦታ በቅጡ እንኳ ሳያዩት "ይነቀል" አሉን። እናቱ እሺ ልትል ነበር፤ ልጁ በሩን ይዞ አልገባም አለ። ሌላ ቦታ ሄድን። ወጣቷ ሐኪም መጀመሪያ መሣሪያዎቿን እጁ ላይ አስያዘችው። ትንሽዬ ማንኪያ የመሰለች ነገር ነበረች። "በዚህች የተበላሸውን እጨልፈዋለሁ፤ ካመመህ እጅህን አንሳ" አለችው። ከጎናችን ለነበረችው ሕፃን ደግሞ በኦሮምኛ "አፋን ኬ ባኒ"፣ አፍሽን ክፈቺ፣ ትላለች። ጅማ ላይ ሁለቱንም የማይችል የልጆች ሐኪም ብዙ ይቸገራል።

በማንኪያዋ እየጨለፈች ያወጣችው እርጥብ የቡና አተላ ይመስላል። ከዳር ዳር ያለውን አጥርታ አጸዳች። ከነርቩ በላይ ያለውን ግን ትንሽ ለስለስ ያለ ቢሆንም ተወችው። እህቴ "ረስታው ይሆን?" ብላ ጎሸም አደረገችኝ። አልረሳችውም። የዛሬው ትምህርት ይህ ነው፦ ጠርዙ ንጹህና ጥብቅ ከሆነ ከታች የቀረው ባክቴሪያ ስኳር ስለማያገኝ ይዳከማል። እስከ ታች ልቆፍር ያለ ነርቩን ሊከፍተው ይችላል። ከዚያ ጉድጓዱን ቀለል ያለ አሲድ በተነከረ ጥጥ አጥባ፣ አደረቀች። ሲሚንቶውን ወረቀት ላይ አቡክታ አስገባች፤ ጓንቷን ቫዝሊን ቀብታ በጣቷ ለጥቂት ጊዜ ጫነችው። የተረፈውን ፋቀች፤ ሲነክስ ከፍ እንዳይልበት አየች። መርፌ አልነበረም። ልጁ እጁን አንድ ጊዜ ብቻ አነሳ፤ እሱም ምራቅ ሊውጥ ነበር። ለአንድ ሰዓት ምንም እንዳይበላ ተነገረው።

ይህ ሙሌት ሁሉም ቦታ እኩል አይሠራም። በማኘኪያው ገጽ ላይ ብቻ ላለች ጉድጓድ ጥሩ ነው፤ በወተት ጥርስ ላይ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሁለት ዓመት ውስጥ ሳይበላሹ ይቆያሉ። በሁለት ጥርሶች መካከል ለተቦረቦረው ግን ቶሎ ይሰበራል። ለዚያ የተሻለው የብረት ቆብ ነው። ስኮትላንዳዊቷ የጥርስ ሐኪም ኖርና ሆል እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሳትሰረስር፣ ሳትወጋ፣ ብስባሹን ሳታወጣ ከላይ ቆቡን በሲሚንቶ ትገጥም ነበር። መጀመሪያ የሰማ ሐኪም ሁሉ ተሳልቆ ነበር ማለት ይቻላል፤ በኋላ ግን ጥናቶች ደገፏት። ሌላው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ጠብታ ነው። ብስባሹ ላይ ሲቀባ ብዙ ጊዜ መበስበሱን ያቆመዋል፤ ቦታውን ግን ጥቁር ያደርገዋል። የፊት ጥርስ ከሆነ ለወላጅ ቀድሞ መንገር ይገባል፤ አለበለዚያ ጥል ነው። አማልጋምን በተመለከተ የሜርኩሪን አጠቃቀም የሚገድበው የሚናማታ ስምምነት አባል አገራት እ.ኤ.አ. በ2022 ሐኪሙ የግድ ነው ካላለ በቀር ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይደረግ ወስነዋል።

መሙላት የማይረዳበት ጊዜም አለ። ልጁ ጣፋጭ ወይም ቀዝቃዛ ሲነካው አሞት ወዲያው የሚተወው ከሆነ ገና ጊዜ አለ። ሌሊት በራሱ ጊዜ ተነስቶ የሚያስለቅሰው፣ ድዱ ላይ መግል የቋጠረ ከሆነ ግን ነርቩ ሄዷል። ያን ጊዜ የነርቭ ሕክምና ወይም መንቀል ነው። ጉንጭ አብጦ ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መድረስ ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ የሚደረገው ቅርንፉድ ሕመሙን ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ነገሩ ተረት አይደለም። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ለጊዜያዊ መሙያ ከሚውሉት አንዱ የሚሠራው ከቅርንፉድ ከሚገኘው ዘይት ነው፤ ክሊኒኩ በር ላይ የሚሸተውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ግን ቅርንፉድ ጉድጓድ አይሞላም።

በጅማ የጥርስ ሕክምና ማዕከሉ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። ሆስፒታሉ በ1930 ዓ.ም. ጣሊያኖች ለወታደሮቻቸው ያቋቋሙት ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው ተፈጠረ፤ ዛሬ የጥርስ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። ዩኒቨርሲቲው ከጥንትም የሚታወቀው ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ በማውጣት ነው፤ የእጅ መሣሪያ ብቻ የሚጠይቅ ሙሌት ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። በከተማው የግል ክሊኒኮችም አሉ።

ችግሩ ርቀቱ ነው። ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ገበሬ ደግሞ ቡና ለቀማ ላይ ሆኖ ለወተት ጥርስ ብሎ ከተማ አይወጣም። ሲመጣ ልጁ ሦስት ሌሊት አልቅሶ ነው፤ ያኔ ለመሙላት አልፎበታል። በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎች ደግሞ ከዚያም በፊት ግግ ነው እየተባለ የሕፃን ድድ ይበጣል። ያ ያልወጣውን ጥርስ እምብርት ሊጎዳ፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል።

ከተሞላ በኋላ ያለው ሥራ የቤት ነው። ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለ የአተር ፍሬ የሚያህል ፍሎራይድ ያለው ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። እስከ ሰባት ስምንት ዓመት ድረስ ወላጅ ራሱ ቢቦርሽለት ይሻላል፤ የልጅ እጅ ኋላ አይደርስም። የወይራ መፋቂያም ጥሩ ነው፤ ፍሎራይድ ግን የለውም። ከስድስት ወር በኋላ ሙሌቱ ጠርዙ እንዳልተላቀቀ መታየት አለበት።

የእህቴ ልጅ አሁን አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶታል። ያ መንጋጋ ባለፈው ክረምት ተነቃንቆ ተነቃንቆ በቆሎ ሲበላ ወለቀ። መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ነጩ ሲሚንቶ ትንሽ ተፍቆ ነበር እንጂ እንዳለ ነው። ከዚያ ወጣና ወደ ቆርቆሮው ወረወረው። ኳ ብሎ ተንከባለለና አሸንዳው ውስጥ ገባ።