ስፖርት መኪና በባሕር ዳር፦ ሲወራ የምሰማውና ከስር የማየው

ባሕር ዳር ውስጥ ጎማ ቤት አለኝ። ጎማ እቀይራለሁ፣ ቸርኬ አቀናለሁ፣ ባላንስ እሠራለሁ። ሌላው ሰው የመኪናን ቀለም ሲያይ እኔ ኮፓዋን አያለሁ። ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና የሚነዳ ሰው ከተማችን ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። የሚመኛት ግን ብዙ ነው፤ ጎማ ሊያስነፋ የቆመ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ፎቶዋን ያሳየኛል። «ጋሼ፣ ይቺን ብገዛት ለዕለት ሥራ ትሆነኛለች?» ይለኛል። አብዛኛውን ጊዜ ትሆናለች። የማይሆነው የሚመርጡበት ሚዛን ነው። ደጋግሜ ከምሰማው ጥቂቱን እነሆ።

«የፈረስ ጉልበቷ በበዛ ቁጥር ትሻላለች»

ወረቀቷ ላይ የሰፈረው የፈረስ ጉልበት የተሰላው ባሕር ጠለል አካባቢ ባለው አየር ነው። ባሕር ዳር በስሟ ባሕር ትባል እንጂ የተቀመጠችው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ሞተር ደግሞ ቤንዚን የሚያቃጥለው ባገኘው አየር ልክ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ስድስት እጅ አንዱን ያህል እዚህ ያጣዋል። ቱርቦ የሌላት ባለ ሁለት በሯ ስፖርት መኪና ቶዮታ ጂቲ 86 ከፋብሪካ ስትወጣ 200 የፈረስ ጉልበት ናት፤ ጣና ዳር ስትደርስ 165 አካባቢ ይቀራታል። አዲስ አበባ ከዚህም ከፍ ስለሚል ኪሳራው እዚያ ይብሳል። መኪና አዲስ አበባ ሞክሮ ገዝቶ እዚህ ያመጣ ሰው «ትንሽ ነቃ አለችልኝ» ሲል ያጋነነ ይመስላል፣ ግን እውነቱን ነው።

ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ የጎደለውን አብዛኛውን ይተካዋል። ስለዚህ ወረቀት ላይ እኩል የሆኑ ሁለት መኪናዎች እዚህ እኩል አይደሉም። ይህን የሚነግር ደላላ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የራሴን ልናገር፦ ከጊዮርጊስ ተነስቶ ዓባይ ድልድይ እስኪደርስ ባጃጁና ብስክሌቱ መሃል የሚሽሎከለክ ሰው ከ150 የፈረስ ጉልበት በላይ ምን ያደርግለታል? ለዕለት መንጃ ከጉልበት ይልቅ ክብደት ይታይ። ጂቲ 86 1,250 ኪሎ ገደማ ናት። ቀላል መኪና በ50ም ስትሄድ መሪዋ ይናገራል፤ ከባዷ ግን ደስ ማለት የምትጀምረው ትራፊክ ፖሊስ ደስ በማይለው ፍጥነት ነው።

«የቤንዚን ክዳኗ ላይ 98 ተጽፏል፤ የእኛ ቤንዚን ሞተሯን ይበላዋል»

98 የተባለው የኦክቴን ቁጥር ነው። ኦክቴን ማለት የቤንዚን ጉልበት አይደለም። ቤንዚኑ ሲታመቅ ካንዴላው እሳት ሳይሰጠው በራሱ እንዳይቀጣጠል ያለው ትዕግሥት ነው። እኛ ማደያ «ቤንዚን» ብሎ የሚቀዳው አንድ ዓይነት ነው፤ እንደ ውጭው 95 ወይስ 98 ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይሁንና የዘመኑ መኪና ሞተሯ ላይ ጆሮ አላት፤ ቤንዚኑ ቀድሞ ሲቀጣጠል የሚሰማ ሴንሰር ማለቴ ነው። ሲሰማ ኮምፒውተሯ የካንዴላውን እሳት ያዘገየዋል። ጉልበቷ ትንሽ ይቀንሳል፣ ሞተሯ ግን አይሞትም።

ስሱ አየር ደግሞ እዚህ ላይ ይክሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያምቀው አየር ስለሚያንስ የሚፈልገው ኦክቴንም ያንሳል። ቱርቦ ያለው ግን አየሩን መልሶ ስለሚሞላ ከዚህ ቅናሽ ብዙም አይደርሰውም። እዚያ ላይ መጠንቀቅ ነው፤ በተለይ የቀድሞው ባለቤት ጉልበት ለመጨመር ኮምፒውተሯን አስነክቶ ከሆነ። ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። መልሱ «አይ፣ ትንሽ ብቻ ነው» ከሆነ ተነክታለች ማለት ነው።

ድምፁን ለማያውቅ፦ ዳገት ላይ ከፍ ባለ ማርሽ ቤንዚን ስትሰጧት ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚንኳኳ ያለ ነገር ትሰማላችሁ። ያኔ እግራችሁን አንሱና ማርሽ ቀንሱ። እኔን ከኦክቴኑ በላይ የሚያስፈራኝ ወረፋ ሲበዛ ከመንገድ ዳር በጄሪካን የሚገዛው ቤንዚን ነው። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው፤ እሱም ካወቀ።

«ሰፊ ጎማና ትልቅ ቸርኬ በዝናብ ይበልጥ ይይዛል»

በዚህ እምነት እንጀራ እበላለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር የተጣመመ ቸርኬ እየጫነ የሚያመጣልኝ እሱ ነውና።

ደረቅ አስፋልት ላይ ሰፊ ጎማ ይይዛል፣ ልክ ነው። ውሃ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጎማ መሬት ለመንካት መጀመሪያ ከስሩ ያለውን ውሃ ገፍቶ ማስወጣት አለበት፤ ሰፊው ደግሞ የሚገፋው ውሃ ይበዛበታል። ስለዚህ ከጠባቡ ቀድሞ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ጥርሱ ካለቀማ አይነሳ። ሐምሌና ነሐሴ የአስፋልቱ ዳር ኩሬ ሲሠራ መሪው በድንገት ቀለል ብሏችሁ ከሆነ ያ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ቁመቱ ነው። ጎማው ጎን ላይ 245/35 ባለ 19 ካለ፣ 245 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ 35 ደግሞ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 35 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 19 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። አስሉት፦ 86 ሚሊ ሜትር፣ አራት ጣት። 195/65 ባለ 15 ጎማ ግን 127 ሚሊ ሜትር ጎን አለው። በጉድጓድና በቸርኬ መካከል ያለው ትራስ ይኼው ነው።

አንድ ዝናባማ ጠዋት አንድ ልጅ ባለ 19 ቸርኬ ተሸክሞ መጣ። በውሃ የተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶበታል። ከውጭ ሲያዩት ጭረት የለበትም። ባላንስ ማሽኑ ላይ አስሬ ሳሽከረክረው ግን የውስጠኛው ከንፈሩ እንደ ሰከረ ሰው ወዲህ ወዲያ ይላል። የሳሙና ውሃ ቀባሁበት። ከፀጉር በቀጠነ መስመር ላይ የአረፋ ፍሬዎች እንደ ጨሌ ተሰድረው ብቅ ብቅ አሉ፤ ተሰንጥቋል። «ይሄ አይቀናም፣ አይበየድምም» አልኩት። «ጋሼ፣ ውጪውኮ ምንም አልሆነም!» አለኝ። መንገድ የሚመታው የሚታየውን ጎን ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር።

እና መፍትሔው? ለመኪናዋ ፋብሪካው ከፈቀደው ሁሉ ትንሹን ቸርኬ ምረጡ፣ ፍሬኑን አልፎ መግባቱን እያረጋገጣችሁ። ጂቲ 86 በብዛት የምትመጣው በ215/45 ባለ 17 ነው፤ ዝቅተኛ ደረጃዋ ግን በ205/55 ባለ 16ም ተሸጣለች። የባለ 16ቱ ጎን 113 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መልኳ ትንሽ ይቀንሳል፤ ያው የተጣመመ ቸርኬም አያምርም።

«በኋላ እግሯ የምትሄድ መኪና በዝናብ ትገለበጣለች»

ሞተሩ የሚያዞረው የኋላ ጎማዋን ብቻ የሆነች መኪና ማለታቸው ነው። ሚኒባሱስ በምን እግሩ ነው የሚሄደው? የኋላ እግሯ የሚከዳችሁ ኩርባ መሃል ቤንዚን ስትረግጡ ወይም ጎማው አልቆ ሳለ ነው። ጥሩ ጎማ፣ ለስለስ ያለ እግር፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

«1.3 ሊትር ስለሆነች ቤንዚን ትቆጥባለች»

ይህ የሚነገረው ስለ ማዝዳ አርኤክስ 8 ነው። ሞተሯ እንደሌላው ፒስተን የለውም፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር ነው ውስጡ የሚሽከረከረው። ሊትሩ ትንሽ ይባል እንጂ አጠጣጧ የትልቅ ሞተር ነው። ዘይትም ሆን ብላ ታቃጥላለች፤ ሮተሩን ለማለስለስ እንዲያ ተደርጋ ነው የተሠራችው። ቤንዚን በቀዳችሁ ቁጥር የዘይት መለኪያዋን ማውጣት የሚሰለቻችሁ ከሆነ ተዋት። አነዳዷ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅቤ ነው።

«የውድድር ፍሬን ሸራ ለዓባይ በረሃ ይበጃል»

አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ነው ይህን የሚለኝ። በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል፤ ፍሬን ቢያሳስበው አይፈረድበትም። ነገር ግን የውድድር ሸራ በደንብ የሚይዘው ሲግል ነው። ጠዋት ከቤት ስትወጡ፣ ልጅ ከባጃጅ ኋላ ብቅ ሲል፣ ሸራው ገና ቀዝቃዛ ነው። ይጮኻል፣ ዲስኩንም ይበላል። በዓመት ጥቂት ቀን ለምትወርዱት በረሃ ብላችሁ የየቀኑን ፍሬን አትሽጡ።

ቁልቁለት ላይ ሰውን የሚከዳው ብዙ ጊዜ የፍሬን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት ሲግል ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉም መሬት ድረስ ይገባል። በሁለት ዓመት አንዴ ማስቀየር ከሸራው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ከዚያ ማርሽ ቀንሶ በሞተር መውረድ፤ የጭነት መኪና ሹፌሮች ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ነው።

«ኤሌክትሪክ መኪና ስፖርት ሊሆን አይችልም»

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለ፣ ዛሬ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና የሚፈልግ ሰው አገር ውስጥ ካሉት ያገለገሉ መኪናዎች መምረጥ ነው ያለበት። ወይም ኤሌክትሪክ። «ሲል» (Seal) የተባለችው፣ በአራቱም እግሯ የምትሄደው የቢዋይዲ ኤሌክትሪክ መኪና ከቆመችበት ተነስታ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 3.8 ሰከንድ ይበቃታል ይላል አምራቹ። ስስ አየር የኤሌክትሪክ ሞተርን አያገባውም፤ ባሕር ጠለል ላይ የሰጠውን እዚህም ይሰጣል። በቀጥታ መንገድ ብዙ ስመ ጥር መኪና ታሳፍራለች።

ግን አራት በር ናት፣ ከ2 ቶን በላይ ትመዝናለች፣ ኩርባ ላይ ክብደቷን ትደብቃለች እንጂ አትጥለውም። ጎማም ቶሎ ትጨርሳለች፤ እኔ አልተቃወምኩም።

«ኪሎ ሜትሯ ትንሽ ስለሆነ አዲስ ናት»

ስፖርት መኪና ብዙ ጊዜ ቆማ ነው የምታረጀው። ጎማዋን እዩ፦ ጎኑ ላይ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ አራት አኃዝ አለ። 2318 ካለ በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ እንደ ቀንድ የደረቀ ጎማ ብዙ አውርጃለሁ። ሜትሩ 40,000 ብሎ ጎማው ሦስተኛ ቅያሪ ከሆነ ደግሞ ሻጩን ፈገግ ብላችሁ እዩት።

«አዲሱ ድልድይ ላይ ሞክሬያታለሁ፣ በቃኝ»

በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ ለጥ ያለ። እዚያ ላይ የማትጥም መኪና የለችም። የእናንተ ቀን የሚያልቀው ግን መጨረሻው መቶ ሜትር ላይ ነው፦ ኮብልስቶኑ፣ ስፒድ ብሬከሩ፣ የውሃ መውረጃ ቦዩ፣ የግቢያችሁ በር። ዝቅ ያለች መኪና በእኛ መንገድ አትሆንም የሚሉት ግማሽ እውነት ነው። ጂቲ 86 ከመሬት ያላት ከፍታ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እሱም ባዶዋን ስትሆን ነው። የኋላ ወንበሯ ላይ ሁለት ሰው ሲጨመር፣ ያውም ጉልበታቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ከተቀመጡ፣ ይቀንሳል።

አንድ ደንበኛዬን ከመክፈልህ በፊት ሚስትህንና ሁለት ልጆችህን ጭነህ ቤትህ ድረስ ንዳት አልኩት። ስፒድ ብሬከሩን በሰያፍ፣ አንድ እግር በአንድ እግር፣ አለፈችው። ኮብልስቶኑንም እያጉረመረመች ጨረሰችው። የግቢው በር ላይ ስትደርስ የፊት ፓራውልቷ መወጣጫውን ጫረው፤ ድምፁን ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ደውሎ ነገረኝ። ሊተዋት ነው ብዬ ስጠብቅ «ጋሼ፣ መወጣጫው ስንት ዲግሪ ቢሆን ይበቃል?» አለኝ። በሳምንቱ ግንበኛ ጠርቶ፣ አፍርሶ፣ አስረዝሞ አስፈሰሰው። ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ ወጣበት። ሲሚንቶው እስኪደርቅ መኪናዋ እኔ ጎማ ቤት በር ላይ ቆማ ሰነበተች።